የቦይለሩን መጽሐፍ የተዋሱ ሰዎች

«ክቡራን ሠራተኞችና አንባቢዎች! ለዘጠኝ ዓመታት ያለ አንዳች እንከን ያገለገለን የሁለተኛው ፎቅ ስቴፕለር ከትናንት በስቲያ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ያለበት አለመታወቁን ስንገልጽ የተሰማን ኀዘን ጥልቅ ነው። ስቴፕለሩ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ፣ መልኩ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ‹የሕዝብ ንብረት› የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ስቴፕለሩ እስኪገኝ ድረስ እንቅልፍ የለውም።»

ማስታወቂያው በሦስት ቅጂ ተለጠፈ። በሙጫ።

ጸሐፊው አለቃችን ነው። ሠራተኛው ሁሉ በሌለበት «ማስታወቂያ» እያለ ይጠራዋል፤ ሽንት ቤት ሲዘጋ ማስታወቂያ፣ ሲከፈት ማስታወቂያ። አምና አንዲት ድመት ንባብ ክፍሉ ውስጥ ስትወልድ ያወጣውን ገጽ ተኩል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ሲከፋኝ አነበዋለሁ። «እንቅልፍ የለውም» ያለው ደግሞ ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ እኔ መሆኑ የገባኝ ወዲያው ነው።

«አንቺ ምድር ቤት ያለውን መጋዘን ፈትሺ» አለኝ።

«ጋሼ፣ መጋዘኑ ከተቆለፈ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው። ስቴፕለሩ የጠፋው ከትናንት በስቲያ።»

«መፈተሽ ያለበት ያልተጠረጠረ ቦታ ነው።»

አልተከራከርኩም። ያን ሳምንት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር፤ ከካታሎግ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ተመልሼ ወደ ካታሎግ። ጥፍሬን በልቼ ጨርሼ የእስክሪብቶ ክዳን ጀምሬያለሁ። ምክንያቱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ፋብሪካው ስልሳኛ ዓመቱን ያከብራል፤ በበዓሉ ላይም አባቴ የታማኝነት ሜዳሊያ ይሸለማል።

ይሄ ለሌላ ልጅ የምሥራች ነው። ለእኔ ግን መርዶ። ከተማችን ያላት ፋብሪካ አንድ ነው፤ ጨርቅ ያመርታል። ከአርባ ዓመት በፊት፣ እኔ ልወለድ ስምንት ዓመት ሲቀረው፣ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። አራት ቀን። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሰው ብቻ ሰልፉን ሰንጥቆ ገባና የሰዓት ካርዱን መታ። የቦይለር ሠራተኛው፤ የእንፋሎቱን እሳት የሚያነድደው። አባቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ብቻው» ሆነ። እኔም የብቻው ልጅ ሆኜ አደግኩ። አሮጊቶቹ ሸማኔዎች እሱን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፤ መንገዱ ወዲያ ማዶ ጭቃ ቢሆንም ይሻገራሉ። እናቴ ስትሞት ከፋብሪካው ሰው ለቅሶ የመጣ አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤት ተሳስቶ መሆኑ በኋላ ታወቀ። አባቴ ስለዚያ ቀን በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ሻይ አለ?» ይላል። አሁን ያንኑ ቀን ሜዳሊያ አድርገው፣ በእነዚያው አሮጊቶች ፊት፣ አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥሉለት ነው። እሱ ደግሞ ለቅዳሜ ኮቱን አስተኩሷል።

መጋዘኑ ውስጥ ስቴፕለር አልነበረም። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የአንድ ትልቅ ሰው ፎቶ (የትኛው ትልቅ ሰው እንደሆነ አቧራው አያሳይም)፣ እና በሲባጎ የታሰሩ አራት ካርቶኖች። ካርቶኖቹ ላይ «የፋብሪካው ሠራተኞች ንባብ ክፍል» ይላል። ፋብሪካው ንባብ ክፍሉን የጎማ ማስቀመጫ ሲያደርገው ወደ እኛ የላካቸው ናቸው። እኛም በክብር ተቀብለን ቆለፍንባቸው።

አንደኛው ካርቶን ውስጥ የውሰት መዝገብ አገኘሁ። ንባብ ክፍሉን ይጠብቅ የነበረው ሰው ቅጽል ስሙ «መነጽሩ» እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ከአድማው በኋላ ከሥራ የተባረረው እሱ ብቻ ነው፤ ከከተማውም ወጥቶ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ማን ወሰደ፣ የሠራተኛ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ከየትኛው ክፍል ነው፣ በስንት ሰዓት ወሰደ፣ በስንት ሰዓት መለሰ። ይሄ ሳያንሰው የመጽሐፉን ሁኔታ ይመዘግባል፤ «ተመልሷል። ገጽ 14 የማሽን ዘይት ነክቶታል።» «ተመልሷል። የሽንኩርት ሽታ አለው።» «ተመልሷል። መጨረሻው ገጽ ላይ ‹አይገባትም ነበር› ብላ የጻፈችው ተዋሿ ተመክራለች።» ወደድኩት። የእኔው ዓይነት በሽተኛ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ በብዛት የተወሰደ መጽሐፍ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ ዘጠኝ ጊዜ። ከዚያ ገጽ ገለበጥኩና ቆምኩ። «የእንፋሎት ቦይለር አያያዝና ጥገና መመሪያ»፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ።

ማን ማን ወሰደው? ሸማኔዎች። ፈታዮች። የክበቡ ምግብ አብሳይ። አትክልተኛው። ሁሉም ለአንድ ሰዓት እየወሰዱ መልሰውታል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው በሦስት ሳምንት ስለ ቦይለር ጥገና ለማወቅ የሚጣደፍበት ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም። ቦይለር ክፍል የሚሠሩት እንኳ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያውን ተዋሽ አየሁ። የአባቴ ስም ነው። ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ መጨረሻው ወረድኩ። መጨረሻም የአባቴ ስም ነው፤ ቀኑ አድማው የተጀመረበት ቀን፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ፈረቃ ግማሽ ሰዓት በፊት። «ተመልሷል» መባል ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ በዚያው የጉንዳን ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ተቃጥሏል። የወሰደው ሰው አይጠየቅም።»

ሲባጎውን እጄ ላይ ስጠመጥመው ስፈታው ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። መዝገቡን ሹራቤ ሥር አድርጌ ወጣሁ። የሕዝብ ንብረት መስረቄ ነው፤ ያውም በዚያ ሳምንት።

ማክሰኞ ማክሰኞ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ «ይህን አንብቡ» የሚል ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ለዚያ ሳምንት የበዓሉ ኮሚቴ የራሱን መጽሔት ልኮልን ነበር፤ እሱን ብቻ እንድናስነብብ። መጽሔቱ አድማውን «የአራት ቀን የጥገና እረፍት» ይለዋል። ከእረፍቱ በኋላ የፈትል ክፍሉ መስኮቶች «በአስተዳደሩ አርቆ አሳቢነት» መከፈታቸውንም ይገልጻል። እኔ የማውቀው የመስኮቶቹን ወሬ ነው፤ ክሩ እንዳይደርቅ ተብሎ በምስማር ተመትተው የኖሩ፣ ሴቶቹ ሲያስሉ ብናኝ እስኪተፉ ድረስ ያፈኗቸው።

እጄ አላርፍ አለኝ። ኮሚቴውን ትቼ የራሴን ጻፍኩ። ርእሱ፦ «መስኮት እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ ለምትፈልጉ»። የፋብሪካው የሕክምና ክፍል የሳል መዝገብ እንዲነበብ አሳሰብኩ፤ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። የአቤቱታ ደብተሩንም፤ «ቀርቧል፣ ታይቷል፣ ይታሰብበታል» የሚለው መልስ ስልሳ ጊዜ ስለተደጋገመበት እንደ ግጥም ጮክ ተብሎ ቢነበብ ይሻላል አልኩ። የኮሚቴውን መጽሔት ከእነሱ ቀጥሎ አደረግኩት፤ ልዩነቱ እንዲያዝናና። ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ፦ «የእንፋሎት ቦይለር አያያዝና ጥገና መመሪያ። በቤታችን አይገኝም። ሁለት መቶ አሥራ አራት አንባቢ ነበረው። ያለበትን የሚያውቅ ለሠራተኛዋ ያሳውቅ።»

ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የለጠፍኩት በስቴፕለር ነው። ሞላው ተጣብቆ ስለነበር ለአባቴ ላሠራው ወስጄው፣ ተሠርቶልኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ነው የከረመው። ያገኘሁት ያን ዕለት ጠዋት የድመቷን ማስታወቂያ ስፈልግ ነው።

አለቃችን ሰሌዳው ፊት ቆመ። አንገቱን አስግጎ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንቺ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ ወረቀት በምንድን ነው የተያዘው?»

«ሰሌዳው ላይ?»

«በስቴፕለር ሽቦ ነው የተያዘው። አራት ሽቦ። አዲስ።» እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ዕቃው በሕይወት አለ ማለት ነው። እንዳትነኪው! ማስረጃ ነው።»

ከዝርዝሩ አንዲት ፊደል አላነበበም። ከሥሩ «ይህን ወረቀት ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎበት ሄደ። በታሪካችን በአለቃ ትእዛዝ የተጠበቀ የመጀመሪያው እውነት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ እማማ መቀስ መጣች። ከአሮጊቶቹ ሸማኔዎች አንዷ ናት፤ ክር መቁረጫ መቀሷን ዛሬም በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ምላሷም ከመቀሱ አያንስም። ረቡዕ ረቡዕ የፍቅር ልብ ወለድ ትወስዳለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው የመጽሐፍ ርእስ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ሰሌዳውን አንብባ ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አባትሽ ነገረሽ?»

«አባቴ ሻይ አለ ወይ ከማለት ሌላ የነገረኝ የለም።»

«ታዲያ ስለዚያ መጽሐፍ በምን አወቅሽ?»

መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁት። መቀሷን ወደ ትከሻዋ ወርወር አድርጋ ገጹ ላይ ተደፋች። ጣቷ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ቆመ። የራሷ ስም ነው።

«ወይ መነጽሩ!» አለች። ሳቋ እንደ ሳል ነው። «ምስጢር ነው እየተባለ፣ ምስጢር ነው እየተባለ፣ የወሰድንበትን ሰዓት ሳይቀር! የሽንኩርት ሽታ አለው የተባልኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። ግን እማማ፣ መጽሐፉን ምን ያደርጉት ነበር?»

ዙሪያዋን ቃኘች። አርባ ዓመት አልፎም ቃኘች። «መሰብሰብ ክልክል ነበር። ወረቀት ይዞ መዞርም ክልክል። መጽሐፍ መዋስ ግን ማን ይከለክላል? መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባዶ ቅጠሎች ነበሩት፣ ‹ለማስታወሻ› የሚሉ። አድማውን የተስማማ ሰው ይዋሳል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ‹አልናገርም› ብሎ ይምላል፣ ይፈርማል፣ ይመልሳል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ያለበት መጽሐፍ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው።»

«አትክልተኛው ሁለቴ ወስዷል። ፊርማዬ አላማረም ብሎ።» ሌላው ትርፍ የአባቴ የመጨረሻ ውሰት ነው፤ እሱን ለጊዜው ለራሴ ያዝኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ በአድማው ሁለተኛ ቀን ስለ መጽሐፉ አንዱ ለአለቆቹ ሹክ አላቸው። ቤት ለቤት ፈተሹን። የእኔን ፍራሽ ቀደዱ። ያ ነገር ቢገኝ ኖሮ ሁለት መቶ አሥራ ሁለታችንም ጎዳና ነበርን፤ እስር ቤት የሚገባውም ይገባ ነበር። ግን አላገኙትም። ስም ከሌለ ማንን ያባርራሉ? መስኮቱን ከፍተው አስገቡን። መነጽሩን ብቻ በጥርጣሬ አባረሩት። መጽሐፉን እሱ ደብቆት ነው እያልን ስንመርቀው ኖርን።»

የመጨረሻውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። አነበበች። ደግማ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርጋ ሦስተኛ ጊዜ አነበበች።

«የትም ሳይቀር ፈትሸዋል» አለች ቀስ ብላ። «መጸዳጃ ቤት። ወፍጮ ቤት። የሕክምና ክፍል። ቦይለር ክፍል ብቻ አልተፈተሸም።»

«ለምን?»

«ታማኛቸው ነበረበታ።»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም። እንደ እኔው ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች።

«አርባ ዓመት! እሱን ላለማየት ስንት ጫማ ጭቃ ውስጥ ጨረስኩ! እናትሽን እንኳ ሳልቀብር… ምን ዓይነት ሰው ነው? አፍ የለውም? ለምን አልተናገረም?»

«እሱን ይጠይቁት።»

«በምን ዓይኔ አይቼው?» ብላ ወጣች። የፍቅር ልብ ወለዷን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላው ሄደች።

ቤት ስገባ አባቴ የቧንቧውን ጎማ እየቀየረ ነበር። ውሃ ሲንጠባጠብ መስማት አይችልም፤ እንፋሎት ያፈተለከ ይመስለዋል። መዝገቡን እርጥብ ባልሆነው የጠረጴዛ ጥግ ላይ ዘረጋሁለት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ራቅ አድርጎ አየው።

«የመነጽሩ ጽሑፍ ነው» አለ። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር መጣና ሄደ። «አይ ይሄ ሰውዬ። ጻፍ አትጻፍ ብንለው ‹ያልተመዘገበ ውሰት ስርቆት ነው› ይለን ነበር።»

«እና እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«አባዬ! የገባኸው መጽሐፉን ልትደብቅ ነው?»

«የቧንቧ መፍቻውን አቀብዪኝ።»

«ለምን አልነገርካቸውም? በመጀመሪያው ሳምንት ብትናገር ሊገድሉህ ይችሉ ነበር፣ እሺ። በዓመቱስ? በአሥር ዓመቱስ? እማዬ ስትሞትስ? በዚያን ቀን እንኳ?»

መፍቻውን ራሱ አነሳው። «ሻይ አለ?»

«የለም!» አልኩ፤ ነበር ግን። «ቅዳሜ አትሂድ። ከሄድክ ደግሞ ተናገር። መድረክ ላይ ወጥተህ ያንን ነገር እንደ ላም ደወል አንገትህ ላይ አስረውልህ ዝም ብለህ ብትወርድ፣ ስምህ ለዘላለም ብቻው ሆኖ ይቀራል።»

«ኮቱ ተተኩሷል» አለ፤ ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስል።

ሐሙስና ዓርብ እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ለሦስት አንባቢዎች የተሳሳተ መጽሐፍ ሰጠሁ፤ አንዱ ወዶት አልመልስም አለ። እማማ መቀስን ስፈልጋት ቤቷ የለችም። ጎረቤቷ «ከትናንት ጀምሮ በር ታንኳኳለች፤ የማታንኳኳው በር የለም» አለችኝ።

ቅዳሜ የፋብሪካው አዳራሽ ሞላ። ከአባቴ ጎን ተቀምጬ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ፣ ከባዱን እጁን ጉልበቴ ላይ ጭኖ አቆመልኝ። ወዲያው ሲያነሳው እንደገና ጀመረ። ከፊታችን ባለው ረድፍ አሥራ ዘጠኝ አሮጊቶችና ሁለት ሽማግሌዎች። ማንም ወደ እኛ አልዞረም። የማሽን ጩኸት ጆሯቸውን ስለበላው እርስ በርስ የሚያወሩት እንደ ድሮው በእጅ ምልክት ነው፤ ጣቶች ይወጣሉ ይገባሉ፣ እማማ መቀስ መሀል ላይ ሆና ለሁሉም ታስተላልፋለች። ምን እንደምትል አላወቅኩም። አባቴ ግን ያውቃል፤ ጣቶቹን ሲከታተል ቆይቶ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። «በዚያ በአራቱ ቀን የጥገና እረፍት» አለ በማይክሮፎን፣ «ቦይለራችንን ለሰከንድ ያልተለየ፣ የታማኝነት አርአያ…» ጭብጨባው ከኋላ መጣ። የፊተኛው ረድፍ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

አባቴ ወጣ። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን አቀበለው፤ «እስቲ አባታችን፣ ያን ቀን ለምን ብቻዎን እንደገቡ ለወጣቶቻችን ይንገሩልን።»

አባቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት እማማ መቀስ ከወንበሯ ተነሳች።

«ከዚያ በፊት እኔ ጥያቄ አለኝ።»

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው እናታችን…»

«አንተን አልጠየቅኩም፣ ልጄ።» ወደ መድረኩ ቀና አለች። ከአርባ ዓመት በኋላ ዓይኑን አየችው። «የቦይለሩን መጽሐፍ ወስደህ አልመለስክም። ያለበትን ለማወቅ መጥተናል። ሁላችንም።»

ከጎኗ ያለችው አሮጊት ተነሳች። ከዚያ ቀጥላ ያለችው። ረድፉ በሙሉ፣ ጉልበቱ እንደፈቀደለት፣ አንዱ በሌላው ትከሻ እየተደገፈ ቆመ። ጆሮዋ ጨርሶ የማይሰማው አንዷ «ምን አለ? ተናገረ?» እያለች ትጮኻለች።

«ምን መጽሐፍ ነው?» ሥራ አስኪያጁ ወደ ኮሚቴው ዞረ። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ከበሩ አጠገብ የቆመው አለቃችን ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀምሯል።

አባቴ ረድፉን ከጥግ እስከ ጥግ አየ፤ እኔ ላይ ትንሽ ቆየ። ሜዳሊያውን ከአንገቱ አወጣና፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ተብሎ እንደሚቀመጥ ብሎን፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አቃጥዬዋለሁ» አለ።

እማማ መቀስ እጇን አንስታ ለረድፉ በምልክት ነገረች። የአሮጊቶቹ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከኋላ ለሚያያቸው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም።

«ምን? ለምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የፋብሪካውን መጽሐፍ? ለምን አቃጠሉት?»

«አልናገርም» አለ አባቴ።